ሳይለሰልስ የቀረበ ካኪ

ሸዋአየሁ ስህተቷን ያየችው ሳህኑ ከእጇ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። ካኪ የሚሉት ፍሬ ቁራጮች ቀጥ ብለው ቆመዋል። የበሰለ ካኪ ቢላዋ ሲነካው ይፈርሳል፤ በማንኪያ ይዛቃል እንጂ ተቆርጦ አይደረደርም። እነዚህ ግን እንደ ካሮት ጠርዛቸውን ጠብቀው፣ እያብረቀረቁ፣ በክብ ቆመዋል። ሳህኑ ላይ የጭማቂ ጠብታ እንኳ አልነበረም።

እጇ ወደ ሳህኑ ተመልሶ ተዘረጋና መሃል ላይ ቀረ። ከሽማግሌ ፊት የቀረበ ነገር አይነሳም። ልጇን ለመጠየቅ ከመጡ ሽማግሌዎች ፊት፣ "ሰጥተናል" የሚለው ቃል ገና ከመነገሩ፣ እንዴት ተደርጎ ይነሳል? ሳህኑን ያነሳ ቃሉንም እንዳነሳ ይቆጠራል። እጇን ሰበሰበች፣ ነጠላዋን አስተካከለችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

ታህሳስ ነው፤ ቂርቆስ ውስጥ ፀሐይ እያለ እንኳ ብርዱ ከሲሚንቶው ወለል ተነስቶ ጉልበት የሚይዝበት ወር። የገና ጾም ገብቷል። ጾሙ ሲፈታ ጥር ይመጣል፣ ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ስለዚህ ነው ሽማግሌዎቹ በዚህ እሑድ የተላኩት። ሦስት ናቸው። ታላቃቸው አቶ ኃይለገብርኤል የሙሽራው ቤተሰብ እንደ አባት የሚያያቸው፣ ከቅዳሴ በቀጥታ የመጡ፣ ውሃ እንኳ ያልቀመሱ ሰው ናቸው። በቂርቆስ ደብር ዙሪያ የተጣላ ሲታረቅ፣ የተጫጨ ሲጋባ፣ ምርቃቱ የእሳቸው ነው። ምርቃታቸው ይይዛል ይባላል። ሁለተኛው አቶ ሊካሳ፣ የሙሽራው የሔኖክ አጎት፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ የተቀመጠ ትልቅ ሰውዬ ነው። ሦስተኛው ስሙን በቅጡ ያልሰማችው ጎረቤታቸው ነው።

ሲመጡ እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀምስም ብለው ነበር። መልስ የሰጣቸው የሟች ባሏ የዋቅጋሪ ታላቅ ወንድም ዲሪባ ነው። ቃሉ ተሰጠ። አሁን መቅመስ አለባቸው፤ ከቀመሱ በኋላ ደግሞ ምርቃት። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፣ ሸዋአየሁም ቀኑን ሙሉ በልቧ ስትከተለው የዋለችው ይህንኑ ነው።

አቶ ኃይለገብርኤል አንዱን ቁራጭ አንስተው ጎረሱ። መንጋጋቸው አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ማላመጡን ቀጠለ፣ ቀስ ብሎ፣ የግራር ቅርፊት እንደሚያኝክ። ዋጡ። መልካም ፍሬ ነው ብለው አመሰገኑ፤ ምላሳቸው ግን ወፍሮ ነበር። ሁለተኛውን አነሱ። ታላቁ ሁለተኛ ካነሳ ታናሽ የሚተውበት መንገድ የለም። ሊካሳ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አላመጠ። ጎረቤትየው ጎርሶ ብዙ ቆየ፣ ከዚያ መሐረብ ፈለገ።

ዲሪባ ስኳር በሽታ ስላለበት አልነካም። እንግዳ ማስተናገድ ግን ያውቃል፤ ይጨመር፣ በሞቴ፣ እንዲህ ነው እንዴ የሽማግሌ አበላል እያለ ሳህኑን ወደ አቶ ኃይለገብርኤል ገፋው። ቀጥሎም፣ "ሸዋአየሁ ካኪ አቀርባለሁ ስትለኝ እኔ የዘበኛ ልብስ ልታለብሳችሁ መስሎኝ ነበር" አለ። ሁሉም አፋቸውን ሳይከፍቱ ሳቁ። ሸዋአየሁ ሳቁን ሰማችው፤ የሳቅ ድምፅ አልነበረውም። አዛውንቱ እምቢ ማለት ስላልቻሉ ሳህኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ በሉ።

ከዚያ ተነሱ። ልጇ ሀዊ ከጓዳ ተጠርታ መጥታ አንገቷን ደፍታ ቆመች። አቶ ኃይለገብርኤል መዳፋቸውን ዘረጉ፣ የቆመው ሁሉ ለአሜን ተዘጋጀ፣ አፋቸውንም ከፈቱ። ቃል አልወጣም። ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ እንደገና ሞከሩ። ከላንቃቸው ጋር የተጣበቀ ነገር ይመስል ምላሳቸው አልዞር አለ። ጥሬ ካኪ የያዘው አፍ በውሃ አይለቅም። አሜን የሚሉት ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው ጥቂት ቆሙ፣ ከዚያ አንዱ አወረደ፣ ሌላውም አወረደ። አዛውንቱ በመጨረሻ ፈገግ ብለው የሀዊን ራስ ዳሰሱና፣ ዛሬ ድምፄ ከዳኝ፣ ምርቃቱን ለጥር አደራ ብያለሁ አሉ፤ ይህንንም ያሉት ተኮላትፈው ነው። ወጥተው ሄዱ።

የሸዋአየሁ አሜን ጉሮሮዋ ላይ ቀረ።

ፍሬው የመጣው ከካዛንቺስ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ሀምዲያ የምትኖርበት ጊቢ ውስጥ ቤቱን ያሠራችው ጣሊያናዊት ተክላው የሄደችው አንድ ዛፍ አለ። ክረምት ሲያልፍ ቅጠሉን ሁሉ ያረግፋል፣ በታህሳስ ውርጭ ባዶ ቅርንጫፉ ላይ ብርቱካንማ ፍሬ ብቻ ይንጠለጠላል። ሴትዮዋ ካኪ ትለው ስለነበር ሰፈሩም ካኪ አለው። ዘንድሮ የጊቢው አጥር ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጓል፤ ሊፈርስ ነው። ሀምዲያም ዛፉን ለግሬደር ከምተወው ብላ የበሰለውንም ያልበሰለውንም በአንድ ቀን አስለቅማ ግማሹን ለሸዋአየሁ ሰጠቻት።

ስትሰጣትም አስተምራታለች። "ሸዋዬ፣ ይሄን ፍሬ ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትመርጪው" ነው ያለቻት። ቀለሙ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሆዱ ገና ነው። ሲያምርና ሲያብረቀርቅ አትመኚው። ውሃ የሞላ ፊኛ እንደመያዝ ሲሆን፣ ልጣጩ ሳስቶ ውስጡን ሊያሳይ ሲል፣ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጥብ ሲያወጣ፣ ያኔ አናቱን ከፍተሽ በማንኪያ ብይው። ጠንካራውን ጤፍ ውስጥ ቅበሪና አንድ የበሰለ ሙዝ አጠገቡ አድርጊለት፤ እሱ ራሱ ሲደርስ ይነግርሻል።

ሸዋአየሁ እንደተባለችው ለየች። የለሰለሰውን በትሪ፣ ጠንካራውን በጤፍ። እሑድ ጠዋት ግን ትሪውን ገልጣ አየችው። የለሰለሱት ተደፍጥጠዋል፣ ተኮማትረዋል፣ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ጥለዋል። ይህንን ለሽማግሌ ማቅረብ ለእሷ የወደቀ ማቅረብ ነው። የሔኖክ ዘመዶች ቤት ተመልሰው ምን ይላሉ? ባሏ የሞተባት፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ያለች፣ የበሰበሰ አቀረበችልን አይሉም? ጤፉን በእጇ በረበረችና ከተቀበሩት መሃል ቆንጆ ቆንጆዎቹን፣ ልጣጫቸው መስታወት የሚመስለውን አወጣች። በአውራ ጣቷ ጫን ብላ አየቻቸው፤ እሺ ያሉ መሰላት። የሚፈራ ሰው ጣት የፈለገውን ነው የሚሰማው፤ በችኮላ ስትቆርጣቸውም ልብ አላለችም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን እንደሆነ ለሀዊ ነግራት አታውቅም። እሷና ዋቅጋሪ የተጋቡት ያለ ምርቃት ነበር። አባቷ የተላኩትን ሽማግሌዎች በር ላይ ስለመለሱ፣ ሁለቱ ምስክር ይዘው ተፈራርመው አንድ ክፍል ገቡ። ሀዊ ሕፃን እያለች ዋቅጋሪ ጎኔን አለ፣ ተኛ፣ አልተነሳም። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ሲያፈስ፣ ሀዊ ሲያተኩሳት፣ የምትረዳበት መዋዕለ ሕፃናት ሠራተኛ ሲቀንስ፣ ሸዋአየሁ ምክንያቱን አንድ ቦታ ብቻ ነው የምትፈልገው። አስራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰች ሴት ናት፤ እንዲህ ዓይነት ነገር አፍ አውጥታ አትናገርም። ታምናለች ግን። ልጇ ተመርቃ እንድትወጣ ብቻ ነበር ከዓለም የፈለገችው።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ሀዊ ለሽማግሌዎቹ የለበሰችውን ልብስ አውልቃ ሹራብ ደርባ ትሪው አጠገብ ተቀመጠች። መስቀል ፍላወር አንድ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ፈገግ ማለት ስለለመደች ቤት ስትገባ ፊቷ ይደክመዋል። ዛሬ ግን ደስታዋ አልደበቅ ብሏት ነበር። አንዱን ጥቁር ነጥብ ያለበት ካኪ አንስታ አናቱን በጥፍሯ ከፈተችና ማንኪያ አስገባችበት። ውስጡ ቀይ ማርማላታ ነው። ቅዝቃዜው ጥርሷን ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች። "እማ፣ ይሄ እኮ በቃ ማር ነው። እስቲ ብርድ እንዲህ የሚጣፍጥ ነገር ያበስላል ብሎ ማን ያስባል?" አለች።

ለእናቷም በማንኪያ አጎረሰቻት። ሸዋአየሁ ዋጠች፤ ጣፈጣት፤ መጣፈጡ ራሱ አስፈራት። ለሽማግሌዎቹ ምን እንደሰጠች በዚያ ማንኪያ አወቀችው። ሀዊ ሽማግሌው ድምፅ ስላጡ አልተጨነቀችም። ለጥር ይመርቁናል፣ እሳቸውንም ብርድ ነው የያዛቸው፣ ደግሞ ምርቃት ቢዘገይ ይሻግታል እንዴ እያለች አፏን ጠረገች።

ሳምንት ሳይሞላ ሔኖክ ለሀዊ ደወለ። አቶ ኃይለገብርኤል ታመዋል። የበሉት አይቆይላቸውም፣ ያስመልሳቸዋል፣ ሆዳቸው ተነፍቷል፤ ሆስፒታል አስተኝተዋቸዋል። ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ ገና አላወቁም። ዕጢ ነው ብለው ይጠረጥራሉ። ሀዊ ይህንን ስትነግራት ሸዋአየሁ ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ወጥታ በእግሯ ካዛንቺስ ሄደች። ሀምዲያ ዕቃዋን በማዳበሪያ እየቋጠረች አገኘቻት፤ ግድግዳው ላይ የነበሩ ምስሎች ወርደው የቦታቸው ነጭ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ሸዋአየሁ የሆነውን ሁሉ ዘርዝራ አልነገረቻትም። አንድ ሽማግሌ ጥሬውን በሉ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ከዚያ ታመሙ ብቻ አለች። ሀምዲያ ገመዱን ለቀቀችው።

"ብዙ በሉ?"

"ሳህኑን።"

"ወላሂ፣ ሸዋዬ። እኛ ልጆች ሆነን ሴትዮዋ በባዶ ሆድ ጥሬ ካኪ የበላ ልጅ ስታይ በጥፊ ነበር የምትለው። ሆድ ውስጥ ይቋጠርና ድንጋይ ይሆናል ትል ነበር። ሰውየው ጨጓራ አላቸው?"

ሸዋአየሁ ሀዊ ስትናገር የሰማችውን አስታወሰች፤ በወጣትነታቸው ጨጓራቸውን ተቀደው ነበር። ሀምዲያ ቆማ አየቻትና ቀስ ብላ፣ ሐኪሞቹ ያውቃሉ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ሸዋአየሁ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች። እስከ ቂርቆስ ድረስ ያንን ጥያቄ ይዛው ሄደች።

ማታ ለሀዊ ሁሉንም ነገረቻት። ሳህኑን፣ ቆመው የቀሩትን ቁራጮች፣ የተዘረጋ እጇን። ነገ ሆስፒታል ሄጄ እናገራለሁ አለች። ሀዊ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሊካሳን አታውቂውም አለቻት። የሔኖክን አባት ቦታ ይዞ ያሳደገው እሱ ነው፤ የእሱ ቃል ሳይኖር በዚያ ቤት ወንበር አይነሳም። አዛውንቱ ራሳቸው ምንም አላሉም፣ ሌሎቹም የፈረንጅ ፍሬ እንዲህ ነው ብለው ረስተውታል።

"ለሐኪም አይደለም የምትነግሪው፣ ለሊካሳ ነው። እማ፣ ዝም አይነቅዝም። እባክሽ ለአንድ ጊዜ ዝም በይ።"

"ዕጢ ነው ብለው ያላግባብ ቢቀዷቸውስ? ቢሞቱስ?"

"ያንቺ ካኪ ይሁን አይሁን በምን ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ ክፉ ነገር ሲሆን የእኛ ይመስልሻል።"

ሸዋአየሁ ይህ እውነት መሆኑን ታውቃለች። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ዝም ብትል ልጇ ጥር ላይ ትዳራለች፤ በሰው ሞት ላይ ግን ይሆናል፣ ሞተውም ከሆነ የሚመርቅ የለም። ብትናገር ሰውየው ምናልባት ይድናሉ፤ ልጇ ግን... ይህንን ዓረፍተ ነገር አንድም ጊዜ አልጨረሰችውም።

በጠያቂ ሰዓት ገባች። ሔኖክ ሥራ ላይ ነው፤ አልጋው አጠገብ ያለው ሊካሳ ነው፣ በዚያው ካፖርቱ። አቶ ኃይለገብርኤል አፍንጫቸው ውስጥ ቱቦ ገብቷል። ፊታቸው ጠቁሮ አጥንታቸው ወጥቷል፤ ቢሆንም ሲያዩዋት ለመነሳት ትከሻቸውን አነቃነቁ። ሊካሳ በክብር ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት። እንዲያ ባያደርግ ይሻላት ነበር።

ብዙም ሳትቆይ ወጣት ሐኪም መጣ። ከጾሙ ወዲህ ምን ምን እንደበሉ እንደገና ጠየቀ። ሊካሳ ሽሮ፣ ጎመን፣ ምስር፣ እንግዲህ የጾመኛ ምግብ አለ። ሐኪሙ አዛውንቱን አያቸው። እሳቸውም ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ሸዋአየሁን ግን አላዩም። ሐኪሙ ሊሄድ ዞረ።

"እኔ ቤት ካኪ በልተዋል" አለች ሸዋአየሁ።

ካኪ ምንድን ነው ተባለች። ነገረችው፤ ስትናገር ድምፁ የሌላ ሰው መሰላት። ጥሬ እንደነበር፣ አፍ የሚይዝ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ ብዙ። ቆየት ሲል ሆድ ውስጥ ይቋጠራል ሲባል እንደሰማች። ሐኪሙ በትዕግስት አዳመጣት። ከዚያ ፊቱ ተለወጠና አዛውንቱን ስለ ድሮው ቀዶ ጥገናቸው ጠየቃቸው፣ ሆዳቸውን በጣቱ ጫን ጫን አደረገ፣ ነርሷን ይዞ በፍጥነት ወጣ።

ሦስቱ ብቻቸውን ቀሩ። ሊካሳ እንደቆመ ነው።

"ጥሬ መሆኑን መቼ አወቅሽ?"

በኋላ፣ እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ማለት ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር።

"ሳህኑ ፊታችሁ ሲቀመጥ" አለች።

"ስንበላ ቆመሽ ታይን ነበር።"

"ቆሜ አያችሁ ነበር።"

ሊካሳ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጣት። አዛውንቱ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ውስጥ አውጥተው ጠሯት። ጠጋ አለች። በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት።

"እኔም አውቄዋለሁ። መጀመሪያ እንደጎረስኩ።"

"ታዲያ አባባ፣ ለምን አልተፉትም?"

"ልጅ የሰጠ ቤት ያቀረበውን እንዴት ልትፋ?"

"ለሐኪሙስ?"

"ብነግረው ያንቺ ስም ይነሳል።" ትንፋሽ ወሰዱ። "እኔም አንቺም ስናፍር ስናፍር፣ ይኸው።"

ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች። ምርቃት ልትጠይቃቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ ዋና ነገሯ እሱ ነበርና። ነገር ግን ቱቦው ውስጥ ጥቁር ነገር ሲወጣ አየች። ነርሷም መጥታ ጠያቂ ይውጣ አለች።

በማግስቱ ቀደዷቸው። ከጨጓራቸው የወጣው ዕጢ አልነበረም፤ እንደ ጓል የጠነከረ ነገር ነበር። ሔኖክ ለሀዊ ሲነግራት እያለቀሰ ነበር፤ እናትሽ ባትናገር ሌላ ነገር ሲፈልጉ ይሞቱ ነበር ብሏል ሐኪሙ አላት። ሸዋአየሁ ይህንን ስትሰማ ለአንድ ምሽት ያህል ደረቷ ቀለል አላት። በብዙ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ምናልባት ሁሉም ደህና ይሆናል ብላ አሰበች። ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማሰቧ ፈራች።

ሊካሳ እሷ ዘንድ አልመጣም። ዲሪባ ቤት ሄደ። ዲሪባ ከዚያ ሲመጣ ቀልድ አልነበረውም፤ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነገራት። ሽማግልናውን ትተናል አላልንም ብሏል። አባታችን ግን ቆመው እስኪመርቁ ድረስ ይቆይ፣ እሱም መቼ እንደሆነ አይታወቅም፣ ጥር አይሆንም። ከጥር ወዲያ ደግሞ ሁዳዴ አለ። ዲሪባ ሊለምነው ሞክሮ ነበር፤ ሴትዮዋ እኮ ነፍስ አድናለች ብሎት ነበር።

"ምን አለዎት?" አለችው።

"'መድኃኒቱን የነገረችን እሷ ናት፣ በሽታውንም ያጎረሰችን እሷ ናት' አለኝ። ቀጥሎም 'ሰው ሲጎዳ ቆሞ ከሚያይ ቤት ልጅ አምጥቼ ለልጄ አልሰጥም፣ ቢያንስ ቸኩዬ አልሰጥም' አለ።" ዲሪባ ባርኔጣውን አገላበጠው። "ምን ልበለው ሸዋዬ? እኔም እኮ ነኝ ይጨመር ያልኩት።"

ሀዊ ይህንን ከጓዳ ሰማች። ለጥቂት ቀናት ከእናቷ ጋር የምታወራው ስለ ውሃና ስለ መብራት ብቻ ሆነ። ከሆቴል ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። አንድ ቀን ጫማዋን ስታወልቅ ሳታያት ተናገረች።

"ታውቂያለሽ እማ፣ አንቺ ሁልጊዜ ክፉ ነገር ይመጣል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። ሲዘገይብሽ ደግሞ ሄደሽ ይዘሽው ትመጪያለሽ።"

"ሰውየው ይሞቱ ነበር ሀዊ።"

"አውቃለሁ። ትክክል ነበርሽ። እሱ ነው እኮ ያናደደኝ። ባትሆኚ ኖሮ ተቆጥቼሽ ይወጣልኝ ነበር።"

የገና ዋዜማ ሸዋአየሁ ጤፍ ልትሰፍር እጇን ስታስገባ ለስላሳ ነገር ነካች። የተቀበሩት ሁሉ ደርሰዋል። አንድ ባንድ አወጣቻቸው፤ ልጣጫቸው ሳስቶ በውስጡ ብርሃን የሚያልፍ ይመስላል፣ አንዱ እንደያዘችው እጇ ላይ ተቀደደ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ቆማ፣ ያለ ማንኪያ፣ ከመዳፏ ላይ መጠጠችው። ብርዱ ጥርሷ ሥር ገባ። ጣፋጭ ነበር፣ ያለምንም እንከን ጣፋጭ፤ አፍ የማይይዝ፣ ጉሮሮ የማይቧጥጥ፣ ራሱ የሚወርድ። ሌላ አነሳች። ከዚያም ሌላ። ስትጨርስ እጇን ታጥባ፣ የቀሩትን ለጎረቤት ልጆች ሰጠች፤ አንዷ እናት ደግሞ ልጇን "ምንድን ነው የተበላሸ ነገር" ስትል ከአጥር ማዶ ሰማቻት።

ጥምቀት አለፈ። ሰርጉ ሊሆን በነበረበት ሳምንት ሀዊ ሻንጣ አወጣች። ሔኖክ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ክፍል ተከራይቷል። ሊካሳ አልተጠየቀም፣ ማንም አልተጠየቀም፤ ሁለት ምስክር ይዘው ይፈራረማሉ። ሀዊ ይህንን የተናገረችው ሹራብ እያጣጠፈች ነው። ሸዋአየሁ በሩ ላይ ቆማ ሰማቻት። ስለ አባቷና ስለ ራሷ አሁን መንገር ትችል ነበር። ግን ሊጠቅም የሚችልበት ጊዜ ያለፈ መሰላት፤ ከእንግዲህ የሚሆነው ማስፈራራት ብቻ ነው።

"አዛውንቱ በእግራቸው መሄድ ጀምረዋል አሉ። ትንሽ ብትጠብቂ" አለች።

"ስንት ጊዜ? እሳቸውን ብንጠብቅ አቶ ሊካሳ አለ።" ሻንጣውን ዘጋችው። ፊቷ የሆቴሉን ፈገግታ ሞክሮ አልሆነለትም። "መርቂኝና ልሂድ።"

"እኔ?"

"ታዲያ ማን አለኝ?"

ሀዊ አንገቷን ደፋች። ሸዋአየሁ እጇን ዘረጋች። የአዛውንቶቹን ቃል ታውቀዋለች፤ ስንት ሰርግ ላይ አሜን ብላለታለች። ቃሉን ስትፈልገው አንዱም አልመጣም። የመጣው የምታውቀው ነገር ብቻ ነው።

"ሲሊንደሩን ሳትዘጊ አትተኚ።"

"አሜን" አለች ሀዊ።

"ጎተራ መንገዱ ሰፊ ነው፤ ሁለቱንም ወገን አይተሽ ተሻገሪ።"

"አሜን።"

"ደረጃው ሲረጥብ ያንሸራትታል ይባላል። ጎንህን ያምሃል ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ ወንዶች አይናገሩም። አመመኝ ካለ እንዳታሳድሪው፣ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት..." ሀዊ ቀና አላለችም፤ ሦስተኛውን አሜን ግን አልመለሰችም። ሻንጣውን አንስታ ጉንጯን ሳመቻት፣ ስደርስ ሚስኮል አደርግልሻለሁ አለቻት። ኮንትራት ታክሲው ከመንገዱ አፍ ላይ ቆሟል። ሸዋአየሁ ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሰብስባ መብራቱ እስኪታጠፍ ድረስ አየችው።

ገብታ ተቀመጠች። ራት ሰዓት ነው፤ ከየቤቱ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል። በሩን ሁልጊዜ የምትቆልፈው ሀዊ ነበረች፤ ከሥራ የምትገባ የመጨረሻዋ እሷ ስለሆነች። ሸዋአየሁ ስልኩን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ገርበብ ያለውን በር ትመለከታለች። ብርዱ በክፍተቱ ይገባል። ታክሲ ሲገለበጥ አየች፣ ደረጃ ላይ የወደቀ ሰው አየች፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ አየች። ስልኩን አንስታ አየችው፤ አልጨረሰም።

አንድ ጊዜ ጮኸና ተቋረጠ።

ደርሰዋል። ልትደውል ጣቷን አስጠጋች፤ ምን ብላ እንደምትናገር ስላላወቀች ተወችው። ተነሳች። በሩን ገፋችው፤ በክረምቱ ዝናብ ስለተጣመመ በትከሻዋ ነው የገጠመላት። መቀርቀሪያውን ወረወረች፣ ቁልፉንም አዞረችው።